የናዝሬት ደም ሁሉ ኦ የሆነ ዕለት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ እሠራ ነበር። ለአብዮት በዓል ካድሬያችን የደም ዓይነት የምንለይባቸውን ሴረሞች ከፍሪጅ አወጣና፣ «የሶሻሊስት ወዳጆቻችን ስጦታ» ብሎ በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ቀይ ጨርቅ ላይ ደርድሮ ለሕዝብ አስጎበኘ። በዚያ ሙቀት!

«ጓድ፣ ይበላሻሉ» ብለው፣ «ብልቃጡ እኮ ታሽጓል» አለኝ። የታሸገ ጭንቅላት የታሸገ ብልቃጥ ያምናል። አንዲት ብልቃጥ ብቻ፣ ወረቀቷ ስለተላጠ ለበዓል አትመጥንም ተብላ ፍሪጅ ውስጥ ቀረች።

ሴረሞቹ በተመለሱ ማግስት አንድ የወንጂ አገዳ ቆራጭ ሚስቱን ይዞ መጣ። ወልዳ ደሙ አልቆም ብሏታል፤ ደም ካልተሰጣት አትተርፍም። ደሟን ከሴረሞቹ ጋር ቀላቀልኩ፤ በአንዱም አልጓጎለም። ኦ ናት ማለት ነው። ባልየውም ኦ። ጠረጠርኩና የራሴን ሞከርኩ፤ እሱም ኦ! እኔ ደግሞ ከተወለድኩ ጀምሮ ኤ ነኝ።

ካድሬው በሩ ላይ ቆሟል። «ምን ትጠብቃለህ? የሰፊው ሕዝብ ደም አንድ ነው! የባሏን ስጣት!» አለ ባልየው እየሰማ። ተናደድኩ፤ ፈራሁም። ድንቁርና ሽጉጥ ሲታጠቅ ያስፈራል።

ሴረም እንዳላባክን ፀጉር በሚያካክሉ የመስታወት ቱቦዎች ከየብልቃጡ ጥቂት እየሳብኩ ከደሜ ጋር አገናኘሁ። ለኤ የተሠራ ደህና ሴረም ደሜን ማጓጎል አለበት። ቀይ ጨርቅ ላይ የከረሙት ሁሉ እንደ ውሃ ናቸው። ወረቀቷ የተላጠባት ግን ወዲያው አጓጎለችው። የሴትየዋንም አጓጎለች፤ እሷም የእኔ ወገን ናት ማለት ነው። የባልየውን ግን አልነካችም። የእሱ ቢ ከሆነ ሚስቱን ይገድላታል። የእኔ ከእሷ ጋር መስማማቱን አረጋግጬ ክንዴን ዘረጋሁ።

ከሰዓት በኋላ ሴትየዋ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። ባልየው እያለቀሰ እኔን አልፎ ካድሬው እግር ላይ ወደቀ።

«ገለቶማ ጓድ! ሚስቴን አተረፉልኝ፤ ዕድሜ ይስጥዎ!»

ካድሬው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «እኔ ሳልሆን አብዮቱ ነው» አለ፤ አላፈረም።

እኔ ክንዴ ላይ ጥጥ ይዤ ቆሜያለሁ። ባልየው ተነሥቶ እንባውን ጠረገና ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ደግሞ ወንድሜ» አለኝ፣ «ሌላ ጊዜ ጓድ ደም ስጣት ሲሉህ ቶሎ ስማ። በቱቦ ስትጫወት ልትገድላት ነበር።»