«ምናልባት» ብዬ የተረጎምኩት

በፈረንጅ ዘጠናዎቹ አጋማሽ አሜሪካ፣ ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር አጎቴ ቤት እኖር ነበር። ጓሮው ውስጥ ሁለት ቀፎ ንብ አለ፤ ያመጧቸው የአጎቴ ሟች ሚስት ናቸው። አጎቴ አውሮራ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥቡ ይውሉና፣ መኪናውን ፓርክ እንዳደረጉ ቀጥታ ወደ ንቦቹ ነው። አጠገባቸው ቆመው ውሏቸውን ያወራሉ። ለማን እንደሚያወሩ ስለማውቅ አልጠይቃቸውም።

አንድ ነሐሴ ንቦቹ ሳሩ ላይ መዳህ ጀመሩ። ክንፋቸው ተጨማዷል፣ መብረር አቅቷቸዋል። ንብ በእግሩ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

አጎቴ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ፣ ንብ ሲያረባ የኖረውን አሜሪካዊ ጎረቤታችንን ጠርቼ አስተርጓሚ ሆንኩ። የእንግሊዝኛ ክላስ ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው፣ አፌ ግን አያርፍም፤ ያልገባኝን አልገባኝም ከምል ሞቴን እመርጥ ነበር። ሰውዬው ቀፎውን ከፍቶ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ማይት» አለ። በጥድፊያ ከተናገረው ውስጥ መግደልና መድኃኒት የሚሉትን ለቀምኩ። ማይት ምናልባት ማለት መሆኑን ደግሞ በዚያው ሳምንት ተምሬያለሁ!

«ምናልባት ይሞቱ ይሆናል፣ ምናልባት መድኃኒት ያስፈልጋቸው ይሆናል ነው የሚለው» አልኳቸው።

አጎቴ ሳቁ፤ ምናልባትማ እኔም እሞታለሁ አሉ። ሰውዬው የመድኃኒቱን ስም ጽፎ ሰጠኝ። ለምናልባት ማን ይሯሯጣል? ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ።

ጥቅምት ላይ የንቦቹ ድምፅ እየሳሳ መጣ። አጎቴ በየቀኑ ጆሯቸውን ቀፎው ላይ ይለጥፋሉ፤ በርዷቸው ነው ይላሉ። አንዱ ቀፎ ጭራሽ ዝም ሲል ሰውዬውን እንደገና ጠራሁት። ከሌላኛው አንዲት ንብ አንስቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። ጀርባዋ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ቀይ ነገር ተጣብቃለች። ተንቀሳቀሰች። ተባይ ናት፤ ደማቸውን የምትመጥ።

«ማይት» አለ ሰውዬው፣ በጣቱ እያሳየ።

አጎቴ ቃሏን አስታወሷት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ምናልባት ያልሽኝ ይሄን ነው?»

አዎ አልኩ።

መድኃኒቱን ሮጠን ገዛን፤ ረፍዶ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ሁለቱም ቀፎ ባዶ ነው። አጎቴ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመጡ መኪናውን ፓርክ ያደርጉና ቀጥ ብለው ቤት ይገባሉ። ውሏቸውን የሚነግሩት አልነበራቸውም።