በሲባጎ የታሰረው ጥቅል

ቨርና ኩቼራ በኔብራስካዋ ትንሽ ከተማችን ፖስታ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። በሲባጎ የታሰረ ነገር በእጃቸው አይነኩም። ኬክ በካርቶን ሆኖ በሲባጎ ታስሮ ሲመጣላቸው፣ ጎረቤት እስኪፈታላቸው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። እኔም የምኖረው ፎቃቸው ላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ፈትቼላቸዋለሁ። የእጃቸው ሕመም ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው የካቲት አምፖል ልቀይርላቸው ወርጄ ሳለ ጌይል ስቱር ወረቀት ይዛ ገባች። ጌይል ስትወለድ እናቷ ሞታባታለች። አባቷ ስምንት ታላላቆቿን ይዞ ሲንገላታ፣ ሹራብ እየሠሩ ጫማ እየገዙ ያሳደጓት ቨርና ናቸው። አሁን ሃምሳ አልፏታል።

«አክስቴ፣ ፈርሚልኝ። የፖስታ ቤት ሰው ፊርማ ይከብዳል።»

ወረቀቱ ለምክር ቤት አባላችን የሚላክ ነው። ብልግና የተባለን ነገር ሁሉ በፖስታ መላክ የሚከለክለው፣ መቶ ሃምሳ ዓመት ያስቆጠረው የፌዴራል ሕግ ይሻር ይላል።

«ይሄን ያረጀ ነገር ዛሬ ማን ይሠራበታል?» አሉ ቨርና።

«አንቺስ አርጅተሽ የለ? እኔን መቆጣት ግን መቼ ተውሽ!»

ቨርና አልሳቁም። ብዕሩን አስቀመጡ።

«ሳልፈርም በፊት የምነግርሽ አለ። ከዚያ ልፈርም አልፈርም አንቺ ትወስኛለሽ።»

በ1962 ዓ.ም. ነው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። የጌይል እናት ሎሪን ስምንት ወልዳ፣ ሐኪሙ ዘጠነኛው ይገድልሻል ብሏታል። ኦማሃ ያለችው እህቷ የእርግዝና መከላከያና አጠቃቀሙን የሚያስረዳ ቀጭን መጽሐፍ ላከችላት። ያኔ ሕጉ መከላከያንም ከብልግና ይቆጥረው ነበር። የታሸገ ደብዳቤ ያለ ዳኛ ትእዛዝ አይከፈትም፤ በርካሹ ዋጋ የሚላክ ጥቅል ግን ሠራተኛ እንዲያየው ሳይታሸግ በሲባጎ ብቻ ይታሰራል። እህቷ ርካሹን መረጠች።

«ብቻዬን ነበርኩ» አሉ ቨርና። «ፈትቼ አየሁት። መልሼ ባስረው ማንም አያውቅም ነበር። እኔ ግን እንዲወርሰው ለፖስታ ተቆጣጣሪው ላክሁት። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ንጹሕ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።»

ጌይል ካፖርቷን እንደለበሰች ቆማለች።

«እናትሽ ሦስት ጊዜ መጣች። ‹ከእህቴ የመጣ የለም?› ትለኛለች። ‹የለም› እላታለሁ። በሦስተኛው፣ ከመስኮቱ ወዲያ ቆማ እጆቼን ብቻ አየች። እስካሁን አንድ ነገር ላስር ስል እዚያው ቆማ ታየኛለች።»

«ይሄ ከመወለዴ ስንት ጊዜ በፊት ነው?»

«ዓመት አይሞላም።»

ጌይል ወንበር ስባ ልትቀመጥ ነበር፤ ተወችው።

«ጥቅሉ ቢደርሳት እሷ ትኖር ነበር።»

«ትኖር ነበር።»

«እኔ ግን አልፈጠርም።»

ቨርና ቀና ብለው አዩዋት።

«ሕጉ ነው እንዳትይኝ ብቻ» አለች ጌይል።

«አልልሽም። ሲባጎውን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

ጌይል ወረቀቱን ገልብጣ ባዶውን ገጽ ወደ ቨርና ገፋችው። «እንግዲያው ፊርማ ብቻ አይበቃም። የነገርሽኝን ጻፊው። ሦስቴ መምጣቷንም፣ የለም ማለትሽንም።»

ቨርና ጻፉ። ሎሪን የሚለው ስም ላይ እጃቸው ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ። ሲጨርሱ ጌይል ከላይ እስከ ታች አንብባ አጠፈችውና ካፖርቷ ኪስ ከተተችው።

በሩ ላይ ዞር ሳትል፣ «ነገ እልከዋለሁ። ደህና ይዋሉ፣ ወይዘሪት ኩቼራ» አለች።

ቨርና በመስኮቱ፣ ጌይል መንገዱን እስክትሻገር ተከትለው አዩዋት።

«ድምጿ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ቁርጥ የእናቷ ነው።»