ማጭድ ለያዘ ሎሪ የሚቆምበት ዘመን

አንዳርጌ ከመተማ ወደ ሱዳን ጠረፍ ወርዶ የፋሽጋን ሰሊጥ ማጨድ ከጀመረ ወዲህ ትኬት የሚባል ነገር በእጁ ነክቶ አያውቅም። ዘዴው አንድ ነው፤ አስፋልት ዳር ይቆምና ማጭዱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። የሎሪው ሾፌር የሰሊጥ አጫጅ መሆኑን አይቶ ያቆምለታል፤ ማሳው ሰው ይፈልጋላ! ከዚያ ወዲያማ ጭነቱ ላይ ወጥቶ እየዘፈኑ መሄድ ነው። ሾፌሩ ለሻይ ሲወርድ አብሮ መውረድ፣ አብሮ መጠጣት። ከየት መጣህ ብሎ የሚያፋጥጥ አልነበረም። አይ ያ ጊዜ! አንዳርጌ ዛሬም ስለሱ አውርቶ አይጠግብም።

አሁን የሚሠራው እዚያው ሱዳን፣ ሾዋክ ከተማ አጠገብ ካለ እርሻ ነው። ገዳሪፍ ያደገችው ልጁ ፀደይ ትናንት ማታ ደወለችለት፤ በማግስቱ በከሰላ አድርጋ ወደ ፖርት ሱዳን ለሥራ ልትሄድ ነው። አገሩ በጦርነት እየታመሰ፣ ከዚህ ወዲያ መቼ እንደሚተያዩ ማን ያውቃል? ሳልሰናበታትማ አትሄድም ብሎ በጠዋት ወጣና፣ ወደ ገዳሪፍ የሚወስደውን መኪና ፍለጋ እንደ ልማዱ ማጭዱን አንስቶ ቆመ።

ሎሪ ሁሉ እያየው ይፈጥናል። አንዱማ ጭራሽ ወደ ማዶ ጠርዝ ሸሽቶ አለፈ። አንዳርጌ የዛሬ ሾፌር ልቡ ደንድኗል፣ ልጄ ሳልሰናበታት ወደ ከሰላ ልትሄድብኝ ነው እያለ ሲራገም፣ መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠው ሱዳናዊቷ ናጂያ ሰማችው። በዚህ ጦርነት መሀል ስለት ይዞ ለቆመ ሰው ማን ያቆማል አለችው፤ ደግሞስ ልጅህ የምትሳፈርበት፣ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ የሚሄደው አውቶቡስ በዚሁ አይደል የሚያልፈው?

እውነቷን ነው፤ በጭንቀቱ አላሰበውም። ግን ያ አውቶቡስ ሾዋክ ላይ አይቆምም፣ በርሮ ነው የሚያልፈው። ማጭዱን ለናጂያ ሰጣትና፣ አውቶቡሱ ብቅ ሲል የመጣው ይምጣ ብሎ ባዶ እጆቹን ዘርግቶ አስፋልቱ መሀል ገባ። አውቶቡሱ ጡሩምባውን እያስጮኸ መጥቶ አፍንጫው ስር ቆመ። ሾፌሩ በንዴት አንገቱን አውጥቶ ወዴት ነህ አለው።

«እኔ የትም አልሄድም» አለ አንዳርጌ። «የምትሄደው ልጄ ናት።»

ሾፌሩ ትንሽ አየውና በሩን ከፈተ። ፀደይ ሮጣ ወርዳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላስለው ያደረው ምክር ሁሉ ከአፉ ጠፋ፤ በደንብ ብዪ ብቻ አላት። ተሳፋሪው በመስኮት ያያል፤ ቶሎ በሉ ያለ አንድም ሰው የለም።

በዕድሜው ያስቆመው መኪና ሁሉ እሱን ጭኖ ነበር የሚሄደው። ይሄኛው ልጁን ይዞ፣ እሱን አስፋልት ላይ ትቶት ሄደ።