አጎቴ የሚሰነጥቁት ልብ

«አጎትህን አንተ ገደልሃቸው» ተብያለሁ። ሐኪም ያዘዘላቸውን የልብ ኪኒን በሁዳዴ ጠዋት ጠዋት በውኃ ስላዋጥኋቸው፣ ጾም አስፈትተህ አስቀሠፍሃቸው አሉኝ። በጾሙ እኩሌታ ኪኒኑ ከቤት ጠፋ፤ ሳምንት ሳይሞላ ሞቱ።

አጎቴ ቅርጫ በታረደ ቁጥር የበሬውን ልብ ሰንጥቀው፣ «ቤቱ አራት ክፍል ነው። ደም በቀኝ ገብቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ከሳንባ በግራ ተመልሶ ወደ መላ ሰውነት ይረጫል። በሮቹ ደሙን ወደ ኋላ አይመልሱም፤ የእኔ በር ግን አልገጥም ብሏል» ይሉን ነበር።

በተስካራቸው ከሳሾቼ አፋቸው ቅባት እያንጠባጠበ ሲያሙኝ ምግቡ አንገሸገሸኝ። የበሬው ልብ የሚሰነጥቀው ጠፍቶ ቅጠል ላይ ዝንብ ወርሮታል። የአጎቴ የነፍስ አባት ሐሜቱን ሰምተው፣ «ኪኒኑን እንዲውጡ የፈቀድሁላቸው እኔ ነኝ» አሉ።

የአጎቴ ሚስት ጉርሻዋን ከአፏ መለሰች። «ታዲያ እኔ ለምን ደበቅሁት፣ አባ?»

ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ መብላታቸውን ቀጠሉ። ነገሩ እዚያው ተስካሩ ላይ አለቀ፤ ቀኑም ግንቦት አንድ፣ ልደታ ነበር።