በፀሐይ የሞቀው ባትሪ ድንጋይ

ይህን ለሚስቴም ለልጆቼም ተናግሬው አላውቅም፤ ብቻዬን ስሆን እንኳ ጮክ ብዬ አላልኩትም። አንተ የምታነበው ሰው አታውቀኝም፤ የደፈርኩት ለዚህ ይሆናል። በደርግ ዘመን፣ ዲላ ላይ፣ ጓደኛዬን አታለልኩ። አታለልኩ ነው ወይስ ዝም አልኩ? እስከ ዛሬ ይምታታብኛል።

በየነና እኔ የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ነበርን፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ ፊዚክስ። ለኮምፒዩተር ትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ አንድ መምህር ይመረጥ ተባለና በመጨረሻ ሁለታችን ቀረን። ኮንትራቱን ጨርሶ የሄደ የውጭ አገር መምህር ሁለት ቼዝ የሚጫወቱ ኮምፒዩተሮች ትቶልን ነበር። ርዕሰ መምህሩ፣ «እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ያዙ። እንዴት እንደሚያስብ አስረዱን፤ ከዚያ ይጋጠሙ። ያሳመነን ይሄዳል» አለ።

የእኔ ማሽን የሚቻለውን እርምጃ ሁሉ አንድ ሳያስቀር ይመረምራል፤ ስለዚህም ሩቅ ማየት አይችልም። የበየነ ደግሞ ተስፋ ያላቸውን ጥቂት እርምጃዎች መርጦ እነሱን ብቻ እስከ ሩቅ ይከተላል። እኔ ሰሌዳውን በቁጥር ሞላሁት፤ የሰማኝ ሰው ግን አልነበረም። በየነ የቡና አገር፣ የኢዲዶ ልጅ ነው። «እናቴ ቡና ስትለቅም ቅርንጫፉን ሙሉ አትመዠርጠውም፤ የቀላውን ብቻ ነው የምትለቅመው። ይሄም ማሽን እንደሷ ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ ሁሉም ገባቸው። ቀናሁ። ይህን ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ቀናሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምህራኑ በተሰበሰቡበት አጋጠምናቸው፤ የአንዱን እርምጃ በእጃችን ለሌላው እያስገባን። አንድ አንድ ተሸናነፉ። በሦስተኛው ጨዋታ የበየነ ማሽን እየመራ ሳለ ፊቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ፈዘዘ፤ ባትሪ ድንጋዩ ደከመ። አባቴ ሱቅ እንኳ ባትሪ ከጠፋ ወር አልፎት ነበር። እንደማንኛውም ሰው ያለቁትን መስኮት ላይ ፀሐይ አስመትቼ ነበርና እነሱን አመጣሁ። የቀየርኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ሁሉን ረስቶ ስለተነሳ ጠጠሮቹ የነበሩበትን ቦታ አንድ በአንድ አስገባንለት።

የሁለቱም ማሽኖች የአጠቃቀም መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ዘንድ። ባትሪው ሲወጣ ማሽኑ ወደ መጀመሪያው ደረጃ እንደሚመለስ፣ እዚያ ደረጃ ላይ ደግሞ ብዙም ሳያስብ እንደሚጫወት አንብቤያለሁ። ጠዋት ደረጃውን ከፍ አድርጌ ያዘጋጀሁትም እኔው ነኝ። ስቀይር ረሳሁት? እንደረሳሁ እምላለሁ፤ ግን መሐላዬን ራሴም አላምነውም። ሦስት ደቂቃ ያስብ የነበረው ማሽን ወዲያው ሲመልስ ግን ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ አውቄያለሁ።

«ጓዶች፣ ፀሐይዋ ጉልበት ሰጠችው እኮ!» አለ የስፖርት መምህሩ። ክፍሉ ሙሉ አመነው። በየነም ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «ከማል፣ ተባረክ!» አለኝ። ደረጃውን ለመመለስ ከእኔ የሚፈለገው አንድ ቁልፍ መጫን ነበር። አልተጫንኩም። ማሽኑ በጥድፊያ ንግሥቱን አስበላ። እኔም ተነስቼ፣ «መምረጥ ይኸው ነው፤ የዘለሉት እርምጃ ጉድ ያደርጋል» አልኩ። ዝም ማለቴ አይበቃም ነበር? ይህንን ደግሞ ምን አናገረኝ?

ሄድኩ፤ ተማርኩ። በየነ እዚያው ቀረ። ሌላ ዕድል ሲመጣ «እኔ የምሟገትለትን ነገር እንኳ በቅጡ አላውቀውም» ብሎ አልተወዳደረም አሉ።

ባለፈው ዓመት ኢዲዶ ሄጄ አገኘሁት። ጡረታ ወጥቷል፤ ደጁ ላይ የተሰጣ ቡና እያገላበጠ ነበር። በቅጡ ሳንጨዋወት አንድ አሮጌ ደብተር ይዞ መጣ፤ የዚያን ቅዳሜ የጠጠሮቹን አቀማመጥ በእርሳስ ስሎታል። «ከማል፣ አንተ ተምረኸዋል፤ ንገረኝ እስቲ። ምርጫው የቱ ጋ ነው የሳተው? ስንት ዓመት ፈለግኩት፤ አጣሁት» አለኝ።

«እኔም አላውቅም» አልኩት።

ማሽኑ በጠዋቱ ደረጃ ቢቀጥል ኖሮ ያሸንፍ ነበር? ምናልባት ይሸነፍ ነበር። ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ እንዳይታወቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ጥፋት ቅናቴ አሠራኝ እላለሁ። ኢዲዶ ላይስ? ሽማግሌ ከሽማግሌ ጋር ቁጭ ብለን ምን እንዳይቀርብኝ ፈራሁ? ባስበው ባስበው ምክንያት የሚሆን አላገኘሁም። ለነገሩ ባገኝም ምክንያት ሆኖ እንዲያገለግለኝ አልፈልግም።

አንተን ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው ያንተ አይደለም። በየነ አሁንም ያን ደብተር ዘርግቶ የሌለ ስህተት እየፈለገ ይሆናል። እኔም ይኸው፣ ከእሱ በፊት ላንተ ነገርኩህ።