ነገ የሚዛወረው ቁጥር

«አንድ እጅ አያጨበጭብም» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ አሁንም ፊቴ ይቀየራል። ተረቱ ውሸት ሆኖ አይደለም። ሁለት እጅ ሲያጨበጭብ ጭብጨባው ለማን እንደሚቆጠር የሚናገር ተረት ስለሌለ ነው። ሥራዬን ብቻዬንም ሠርቼዋለሁ፣ ከሰው ጋርም ሠርቼዋለሁ። አዳማ ውስጥ አሁን ስታርታፕ የሌለው ወጣት የለምና የቱ ይሻላል ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። እኔ የማውቀው የራሴን ብቻ ነው።

ሥራው ለመናገር ቀላል ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብና ከአዳማ ዕቃ ጭነው ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ የሚወርዱ አይሱዙዎች ብዙ ጊዜ ባዷቸውን ይመለሳሉ። በመንገዳቸው ላይ ደግሞ ባቱና መቂ አሉ፤ እዚያ ገበሬው ቲማቲሙን በእንጨት ሣጥን ሞልቶ መኪና አጥቶ ይቀመጣል። እኔ ሞጆ ውስጥ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሾፌሮቹ በባዶ መመለሳቸውን ሲያማርሩ ስሰማ ነበር የምውለው። አንድ ቀን አንዱን ሾፌር ከአንድ ገበሬ ጋር በስልክ አገናኘሁ። በሳምንቱ አምስት አገናኘሁ። በሦስተኛው ወር ወንበሬን ለቅቄ ወጣሁ። እናቴ ለጸሎት ጓደኞቿ «ልጄ ደላላ ሆነች» ማለት ስለከበዳት «ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ናት» ትል ነበር።

ብቻዬን በሠራሁበት ዓመት ተኩል አለቃዬ ስልኬ ነበር። ሽንት ቤት ይዤው እገባለሁ። እሑድ ጉባኤው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እኔ አንድ ዓይኔን ከፍቼ ስልኬን አያለሁ። ሾፌር ሲጠፋ የምለምነው እኔ፣ ገበሬ ሲናደድ የምሰደበው እኔ፣ ሲሳካም የሚስቅልኝ ሰው የለም። የማማክረው ስላልነበረኝ ልብስ ሳጥብ ከራሴ ጋር እከራከር ነበር፤ ደግሞ እሸነፋለሁ።

ከዚያ ታይፎይድ ያዘኝና ስምንት ቀን ተኛሁ። ስልኩ ባትሪው አልቆ አልጋዬ ሥር ወድቋል። በእነዚያ ቀናት መቂ አጠገብ ያሉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቲማቲማቸውን አስለቅመው፣ በሣጥን ደርድረው፣ ለእኔ ሲደውሉ ሰነበቱ። መኪና እልካለሁ ብያቸው ስለነበር ሌላ አልፈለጉም። ስድን ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሣጥኖቹ ታጥበው ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። ስለ ቲማቲሙ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሲጠሩኝ «ኢንተላ ኮ» ነው የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ያን ቀንም እንደዚያ ብለው መጀመሪያ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ከዚያ ስታመም ስልኩን የሚያነሳ ሰው እንድፈልግ መከሩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፈለግሁና ሁለት ሰው አገኘሁ። አንዷ ከልጅነቴ ጀምሮ በመዘምራን አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ ናት፤ ኮምፒዩተር ተምራለች፣ የመኪናና የጭነት ጥያቄ በቴሌግራም የሚቀበል ነገር እንደምትሠራልን ነገረችኝ። ሌላው ሞጆ የሚሠራ ትራንዚተር ነው፤ የጉምሩክ ጉዳይ ያስፈጽማል፣ ከባለመኪኖቹ ጋር ይተዋወቃል፣ እኛው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያመልከው። አንደበቱ ማር ነው። እሱ ሲናገር የእኔ ሥራ ለእኔም አዲስ ይሆንብኝ ነበር።

ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ ከሚጽፉት አንዱ ጋ ሄጄ ባለ ሁለት ገጽ ውል አስጻፍኩ። ሥራውን ማን እንደ ጀመረው፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ አንዱ ቢለይ ምን እንደሚሆን ይዘረዝራል። ሦስት ቅጂ ይዤ ፍራንኮ አካባቢ ያለ ጁስ ቤት ተገናኘን። ትራንዚተሩ የመጀመሪያውን ገጽ እስከ ግማሽ አንብቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሰው የሞተበት ይመስል ነበር።

«በእህትና በወንድም መካከል ወረቀት ምን ይሠራል? ከተጠራጠርሽን ከአሁኑ ንገሪን» አለኝ።

ጓደኛዬ አንገቷን ደፋች። በእኛ ዘንድ ወዳጅን ፈርም ማለት ሌባ ነህ ከማለት አይተናነስም፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ግን አውቀዋለሁ። ፊቴ ጋለ። ይቅርታም ጠየቅሁ። የራሴን ሥራ ለሰው አካፍዬ፣ የራሴን ገንዘብ ከፍዬ ወረቀት አስጽፌ፣ ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ! ዛሬ ሳስበው የሚያናድደኝ እሱ አለመፈረሙ አይደለም፤ የእኔ ማፈር ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘን ጸለይን። ሦስቱንም ቅጂ አጣጥፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከተትኩ።

በሳምንቱ ለሥራው ብቻ የሚሆን፣ በቃል ለመያዝ የሚቀል አዲስ ስልክ ቁጥር እናውጣ ተባለ። ሲም ካርድ መሸጫው ስንደርስ የእኔ መታወቂያ ጊዜው አልፏል። ላሳድስ ቀበሌ ስመላለስ «ሲስተም የለም» ከተባልኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ትራንዚተሩ የራሱን መታወቂያ ከኪሱ አወጣ።

«ለጊዜው በእኔ ስም ይውጣ፣ ነገ እናዛውረዋለን» አለ።

ያ ነገ ሁለት ዓመት ሆነው። ቁጥሩን በቀይ ቀለም በየሣጥኑ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከመቂ እስከ አርሲ ነጌሌ በባጃጅም በጋሪም እየዞርኩ ለገበሬዎቹ በቃል ያስጠናሁት፣ የሾፌሮቹን ስልክ እየተቀበልኩ በጣቴ የመዘገብኩት እኔ ነኝ። መታወቂያዬ ከታደሰ በኋላም ቁጥሩን እናዛውር ለማለት አፌን ከፍቼ የዘጋሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ያ የጁስ ቤቱ ፊት ይመጣብኛል። የድሮውን ሲሜን መሳቢያ ውስጥ ጥዬ ረሳሁት።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር፤ ይህን ብክድ ኃጢአት ይሆንብኛል። ስታመም ስልኩ ይነሳል። የጓደኛዬ የቴሌግራም ሥራ ከእኔ ደብተር ይልቅ ፈጣን ነበር። አንድ ቅዳሜ ሦስታችን ሶደሬ ሄደን ፍል ውኃው ውስጥ ተዘፍዝፈን ዋልን፤ ስልኩን በየተራ እየጠበቅን ነበር የምንዋኘው። ያን ቀን ብቻዬን ስላባከንኩት ዓመት ተኩል ራሴን ስወቅስ እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

ከዚያ ለስታርታፕ ባለቤቶች የሚሰጥ ሥልጠና መጣ። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ በየሆቴሉ አዳራሽ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው አይጠፋም፣ ትራንዚተሩም ባጁን ወደደው። ጠዋት እኔ በአቧራ ተሸፍኜ መቂ ሣጥን ሳስቆጥር እሱ ስለ ገበሬው ችግር በማይክ ይናገራል። አንድ ቀን ልጠራው ብዬ አዳራሹ በር ላይ ደረስኩና የሦስታችንን ፎቶ የያዘ ትልቅ ፖስተር አየሁ። ከእሱ ሥር «መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ» ይላል። ከእኔ ሥር «የመስክ አስተባባሪ» ይላል። ስጠይቀው ፖስተሩን ያሠሩት አዘጋጆቹ ናቸው አለኝ። አዘጋጆቹ እኔን የት ያውቁኛል? ጓደኛዬ ደግሞ ለፖስተር ብለን አንጣላ አለችኝና ተውኩት። መተውን የመሰለ መጥፎ ልማድ የለም።

ቀጥሎ በአንድ ሾፌር ምክንያት ስለተጨቃጨቅን ሕግ ወጣ፤ ሦስታችንም በቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ተስማምቻለሁ» ሳንል መኪና አይመደብም። ሲሰሙት ፍትሕ ይመስላል። ቲማቲም ግን ስብሰባ አይጠብቅም።

የእኚያ የመቂው ሽማግሌ ቲማቲም ሊጫን የነበረበት መኪና ቡልቡላ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። እኔ እሳቸው ማሳ ላይ ነበርኩ። ሌላ ባዶ አይሱዙ በመንገዱ ሲያልፍ ሮጬ አስቆምኩና ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተስማማች። ትራንዚተሩ ሥልጠና ላይ ነበር፤ ብደውል አያነሳም። ሾፌሩ ጫት ገዝቶ ጠበቀኝ፣ ሻይ ጠጥቶ ጠበቀኝ፣ በመጨረሻ ሌላ ጭነት አገኘና ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። ጫን ማለት እችል ነበር። ሕጉን ጥሼ ጫን ማለት እየቻልኩ ስልኬን እያየሁ ቆምኩ። ከምሳ በኋላ ትራንዚተሩ «ተስማምቻለሁ» ብሎ ጻፈ፤ አውራ ጣትም ጨመረበት። ያን ቀን ሌላ መኪና አልተገኘም። የመቂ ፀሐይ የቀረውን ሠራ። ሽማግሌው ለሁለተኛ ጊዜ በእኔ ምክንያት ሲከስሩ ቆሜ አየሁ፤ መጀመሪያ ብቻዬን በመሆኔ፣ አሁን ደግሞ ብቻዬን ባለመሆኔ።

በማግስቱ በቃኝ አልኩ። ወይ የጭነቱን ነገር ለእኔ ተዉልኝ፣ ወይ እንለያይ። ትራንዚተሩ አልተቆጣም። በፈለግሽበት ጊዜ መሄድ ትችያለሽ፣ ስልኩ ግን እዚሁ ይቀራል አለኝ፤ ቁጥሩ በስሙ ነዋ። ድርጅት ብለን ስንጠራው የኖርነው ነገር ቢሮ የለው፣ መኪና የለው። ያ ቁጥር ነበር ድርጅቱ። እሱን የያዘ ገበሬውንም ሾፌሩንም ይዟል።

ወንድምን መክሰስ ነውር ነው ስለተባለ ሽማግሌ ተቀመጠ። አጎቴ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌና የትራንዚተሩ ጡረተኛ ጎረቤት በአጎቴ ግቢ ኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ሁሉን ተናገርኩ። መጽሐፍ ቅዱሴን ከፍቼ ውሉን አወጣሁ። አጎቴ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ፊርማው የት እንዳለ ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። ያልተፈረመ ወረቀት ምን ይሆናል አሉኝ። በየሠርጉ፣ በየማኅበሩ በዘመድ መካከል ወረቀት አይግባ እያሉ የሚመክሩት እኚሁ አጎቴ ናቸው! አጠገቤ የተቀመጠችውን ጓደኛዬን ዞሬ አየኋት። የምታውቀውን ትናገር ብዬ ጠበቅሁ። መሬት የወደቀ የኒም ቅጠል አንስታ ትበጣጥስ ነበር።

ፍርዱን የተናገሩት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ። ከባዶ ጀምረሽ አሳይተሽናል፣ እንደገና ትጀምሪያለሽ። እሱ ግን ቤተሰብ አለው፤ ቁጥሩ እሱ ጋ ይቆይ።»

ጎበዝ መሆን እንደሚያስቀጣ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሰነፍ ብሆን ኖሮ ያዝኑልኝ ነበር። ባል ኖሮኝ ልጆች ቢኖሩኝ ቁጥሩ ለእኔ ይገባ ነበር ማለት ነው። ይህን ልናገር ስል አጎቴ በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ። ተቃቀፉ ተባልን፤ ተቃቀፍን። ከበሩ ስወጣ ደንቆሮ ሆኜ ነበር፤ ሰው ሲሰናበተኝ አልሰማም። ማታ ጓደኛዬ «ይቅርታ» ብላ ጻፈችልኝ። እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም።

የድሮው ሲሜ ሳይሠራ ስለቆየ ተዘግቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ ብደውልበት አንዲት የማላውቃት ሴት አነሳች። በታደሰው መታወቂያዬ፣ በራሴ ስም፣ አዲስ ቁጥር አወጣሁና ደረሰኙን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ እንደገና ከማሳ ማሳ መዞር ጀመርኩ። ከገበሬዎቹ ግማሾቹ በቀዩ ቀለም ያለው ቁጥር የእኔ ይመስላቸዋል፤ አንዱማ ትናንት ደውዬ ጸሐፊሽ አነሳ አለኝ።

የመቂው ሽማግሌ ገበሬ ጋ የሄድኩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ፊታቸውን ማየት ፈርቼ። አቀማመጣቸው እንደ ድሮው ነው። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» ብለው ደኅንነቴን ጠይቀው ውኃ አስመጡልኝ። የሆነውን ሁሉ ከውሉ ጀምሬ እስከ ኒሙ ዛፍ ነገርኳቸው። አዲሱን ቁጥር የጻፍኩበትን ካርድ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት።

«ይሄኛውስ በማን ስም ነው?» አሉኝ።

«በእኔ ስም ነው፣ አባ።»

«ወረቀቱን አሳዪኝ።»

ደሜ ፈላ። እኔን? በዚያ ሁሉ አቧራ እሳቸው ደጃፍ ስመላለስ የኖርኩትን፣ ልጄ እያሉ የሚጠሩኝን እኔን? በአባትና በልጅ መካከል ወረቀት ምን ይሠራል ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉን ከማን እንደተማርኩት ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

ቦርሳዬን ከፍቼ ደረሰኙን ሰጠኋቸው። እሳቸው በጎልማሶች ትምህርት ቁቤ ተምረዋል፤ ስሜ በላቲን ፊደል ስለተጻፈ ጣታቸውን እያስከተሉ ፊደል በፊደል አነበቡት። የአባቴን ስም አነበቡ። የአያቴን ስምም አነበቡ። መታወቂያዬን ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው፣ ከደረሰኙ ጋር አስተያዩት። ሲጨርሱ ሁለቱንም መለሱልኝ።

«ቶሌ» አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው። ተነሥተው ከጓሮ አንድ ሣጥን አመጡና ፊቴ አስቀመጡት። ቀዩ ቁጥር ከመምጣቴ በፊት በቢላዋ ተፍቆ እንጨቱ ነጥቷል። ብሩሽና ቀለም አጠገቡ አደረጉልኝ።