ቆሰበር የገባው ሸርጣን

ቆሰበር ከተማ ላይ ዓሣ የሌለበት የመስተዋት የዓሣ ሣጥን የነበረኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሹፌሩ ወንድሜ ከጅቡቲ አንድ ሸርጣን ከነባሕር ውሃው በጀሪካን አምጥቶልኝ፣ የጎደለውን በዝናብ ውሃ እየሞላሁ ስንከባከበው ከረምኩ። አንድ ጠዋት ሳየው እግሮቹን ዘርግቶ ቀርቷል። በጭልፋ አውጥቼ መዳፌ ላይ ሳደርገው እንባዬ መጣ።

በዚህ መሐል ጎረቤቴ እማማ ጥሩነሽ ገቡ።

"ምን ሆነሻል?"

"ሸርጣኔ ሞተብኝ።"

ይስቁብኛል ስል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቤ ተቀመጡ። "በእጅ ያሳደጉት ነገር ያንገበግባል። እግዜር ያጽናሽ" አሉኝ። ቀለል አለኝ። ከዚያ ሣጥኑን ትክ ብለው አዩት።

"ልጄ፣ በእጅሽ የያዝሽው ምንድን ነው?"

"ሸርጣኑ ነዋ፣ እማማ።"

"ታዲያ ያ ከድንጋዩ ሥር የሚወጣውስ?"

ዞር ብዬ አየሁ። እኔ ያለቀስኩት ሸርጣኑ ሲያድግ ላወለቀው ቅርፊት ኖሯል፤ እሱ ከበፊቱ ገዘፍ ብሎ ምግቡን ይፈልጋል።